በአንድ ፈረስ የሚጎተት የስንዴ ማጨጃ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

የምንሠራው በአንድ ፈረስ የሚጎተት፣ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚያጭድ የስንዴ ማጨጃ ነው። አንድ የድሮ ማሽን እንዳለ ለመቅዳት አላሰብንም። ፍሬሙን አንድ ጊዜ ሠርተን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተራ በተራ የመጡትን ማሻሻያዎች እየገጠምንና እየፈታን እያንዳንዱ ምን እንደሚለውጥ ፈረሱ የሚጎትትበትን ኃይል በሚለካ የመጎተቻ ሚዛንና በማሳ ላይ ማየት ነው የፈለግነው።

መነሻ ያደረግናቸው ሦስት ማሽኖች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ቤል እ.ኤ.አ. በ1828 የሠራው፣ እንደ መቀስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ምላጮች የነበሩት፣ ፈረሶች ከኋላ ሆነው የሚገፉት ነው። ኦቤድ ሀሲ በ1833 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ሳይረስ ማኮርሚክ በ1831 ቨርጂኒያ ውስጥ ሞክሮ በ1834 ፓተንት ያወጣበት ነው። ስለ ማኮርሚክ ሲወራ አባቱ ሮበርት ለዓመታት የደከመበት ሥራ እንደነበረና በባርነት ተይዞ የነበረው ጆ አንደርሰን አብሮ እንደሠራው መታለፍ የለበትም።

በማኮርሚክ ማሽን ላይ የነበሩት ክፍሎች ግራና ቀኝ የሚመላለስ ቢላ፣ አገዳውን ይዘው የሚያቆሙ ጣቶች፣ ሪል (እየዞረ አገዳውን ወደ ቢላው የሚገፋ ባለጣውላ ክፍል)፣ የታጨደው የሚወድቅበት መድረክ፣ ኃይል የሚሰጥ ዋና ጎማ፣ የጎን አጎታተትና የሚታጨደውን ከሚቆመው የሚለይ መክፈያ ናቸው። አብዛኞቹ ዛሬም ኮምባይነር ላይ አሉ። የእኛም ዝርዝር ይኸው ነው።

ፍሬሙ 50 በ50 አንግል ብረት ነው። ለምላጭ የሚሆን ብረት ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ፣ ማርሾቹ ደግሞ ከተጣለ ካምቢዮ ተገኝተዋል። በእጃችን ያሉት መሣሪያዎች የብየዳ ማሽን፣ ትራፓኖ፣ ግራይንደር፣ ሞርሳ፣ የተለያየ ሞረድና ትንሽ የከሰል ምድጃ ናቸው። ቶርኖ የለንም፤ የቶርኖ ሥራ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው።

ቢላው

ማርሹ ሳይገጠም ቢላውን በእጅ በሚዞር ክራንክ፣ ፍሬሙን ሁለት ሰው እየገፋ ሞከርነው። እንዲህ ማድረጉ ብዙ ብየዳ አድኖልናል።

የማኮርሚክ የመጀመሪያው ቢላ ቀጥ ያለ ሆኖ ጠርዙ ላይ የመጋዝ ዓይነት ጥቃቅን ጥርስ ነበረው። የሀሲ ቢላ ሦስት ማዕዘን ምላጮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው በሪቬት የተያዙበት ነው። ሁለቱንም ሠራን።

ቀጥ ያለውን ለመሥራት ባሌስትራውን በከሰል አለዝበን ጠፈጠፍነው፤ ጥርሱን በሞረድ አወጣን፤ እንደገና አግለን ዘይት ውስጥ ነከርነው፤ ከዚያ ቀለሙ ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ ማድላት እስኪጀምር በቀስታ አሞቅነው። ከዚያ በፊት ከወረደ ምላጩ ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል፤ ካለፈ ደግሞ ስለቱ አይቆይም።

እኩለ ቀን ላይ፣ አገዳው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣ ይህ ቢላ ይቆርጣል። ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ ግን አገዳው ይጠነክርና ስለቱ ላይ ወደ ጎን እየተንሸራተተ በየጣቱ ሥር ይከማቻል። አራት አምስት አገዳ አንድ ላይ ሲጠቀጠቅ ቢላው ይቆማል። ስለቱን ደጋግመን አሳላነው፤ ለጥቂት ሜትር ይሻላል፣ ከዚያ ያው ነው።

ወደ ሦስት ማዕዘኑ ሄድን። አሥር ምላጭ፣ እያንዳንዱ በግርጌው 76 ሚሊ ሜትር፣ በጫፉ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት። እዚህ ላይ ወሳኙ የስለቱ ዘንበል ማለት ነው። መጀመሪያ ከጉዞው አቅጣጫ በ45 ዲግሪ ሠራናቸው፤ ምላጩ አጭርና ጠንካራ ይሆናል በሚል። አገዳው በስለቱና በጣቱ መሀል መያዙ ቀርቶ ወደፊት እየተስፈነጠረ ያመልጣል። ወደ 30 ዲግሪ ስናወርደው የተጋለጠው ስለት 53 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ አገዳው በሁለቱ ጠርዞች መሀል ተይዞ ይቀራል፤ ጤዛ ያለበትም ቢሆን ይቆረጣል። በዚህ ሙከራ ቀጥ ያለውን ቢላ አሰናበትነው። የሀሲ ምላጭ አሸናፊ ነው፤ ይህን ስል ማኮርሚክን ለማሳነስ አይደለም፣ ማሳው የተናገረው ይህን ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ምላጭ ሲሰበር ሁለት ሪቬት ቆርጦ አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ቀጥ ያለው ግን አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ሙሉው ወደ ምድጃ ይመለሳል።

ጣቶቹ

ብዙ ጊዜ የበላው ይህ ክፍል ነው፤ ብዙ የተማርነውም ከዚሁ ነው።

ጣት ማለት ከፊት የሾለ፣ መሀሉ ላይ ቢላው የሚያልፍበት ስንጥቅ ያለው ብረት ነው። አገዳውን ይዞ ያቆማል፤ ቢላው ተመላልሶ ይቆርጠዋል። ጣት ከሌለ አገዳው ከቢላው ጋር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል እንጂ አይቆረጥም። ከ20 ሚሊ ሜትር ካሬ ብረት ቀጥቅጠን አወጣናቸው፤ ስንጥቁን በግራይንደር ከፍተን በሞረድ አስተካከልን። በስንጥቁ ታችኛ ገጽ ላይ ስለት ያለው ትንሽ የተጠናከረ ብረት በሪቬት አስረናል፤ መቀስ ሁለት ስለት እንደሚፈልግ ሁሉ ምላጩ የሚያርፍበትም ስለት መሆን አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ጣቶች ስንጥቅ ከላይም ከኋላም የተዘጋ ነበር። ማሳ ላይ ጥሩ ጀመሩ። አረም ወዳለበት ጥግ ስንደርስ የመጎተቻው ሚዛን ቀስ በቀስ እየወጣ ሄዶ ቢላው ደረቀ። አንዱን ጣት ፈታን። በስንጥቁ ውስጥ፣ ከምላጩ ጀርባ፣ የአረም ጭማቂ ያጣበቀው የገለባ ብናኝ ታጭቆ ነበር፤ ካቻቢቴ ካልሆነ ጥፍር አይገባበትም። ብረቱ ለእጅ ይፋጃል። ምላጩ በተመላለሰ ቁጥር ያንን ጥርቅም እየጠቀጠቀ፣ ጥርቅሙም ምላጩን ከታችኛው ስለት እያነሳ ነበር። ምላጩ ሲነሳ አገዳው መቆረጡን ትቶ ይታጠፋል፤ የታጠፈው ተመልሶ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። እንዲህ እያለ ይዘጋል።

ሀሲ እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣው ሁለተኛ ፓተንት ለዚህ መልስ ነበር፤ የጣቱን ስንጥቅ ከምላጩ ጀርባ ከላይ መክፈት። ብናኙ በቢላው ምት ራሱ ወደኋላ እየተገፋ ይወጣል። የእኛን ጣቶች በግራይንደር ከላይ ከፈትናቸው። ምንም አዲስ ብረት አላስፈለገም፤ ወጪው ሁለት ዲስክ ብቻ። ያንኑ አረም ያለበትን ጥግ ሳይቆም አለፈው። ከተደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ማስተካከል ነው። ሦስት ነገር መያዝ አለበት።

አንደኛው፣ ምላጩ በታችኛው ስለት ላይ መተኛት አለበት። የምላጩ ጫፍ በ0.3 ሚሊ ሜትር እንኳ ከፍ ካለ ቀጭን አገዳ ይታጠፋል። መፈተኛችን የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ቢላውን በእጅ ስንገፋ ወረቀቱ ካልተቀደደና ጥርት ብሎ ከተቆረጠ ደህና ነው። ካልሆነ የመያዣውን ብረት በመዶሻ ትንሽ መንካት።

ሁለተኛው፣ በምቱ መጨረሻ የምላጩ መሀል ከጣቱ መሀል ጋር መግጠም አለበት። የእኛ በ5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ግራ ያደላ ነበር፤ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ አቆራረጡም አንድ ጊዜ ወፍራም አንድ ጊዜ ቀጭን ይሆናል። የቢየላውን፣ ማለትም ክራንኩን ከቢላው የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ርዝመት በቡሎን ጥርስ በሚስተካከል ጫፍ ስናሳጥረው ቀረ።

ሦስተኛው ከመጽሐፍ ሳናነብ ቀርተን ቢሆን በዓይን የማይገኝ ነው። ሥራ ላይ የቆራጩ ዘንግ የውጪ ጫፍ በአገዳው ተገፍቶ ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ሲቆም የውጪው ጫፍ ከውስጠኛው በትንሹ ቀድሞ መቀመጥ አለበት፤ ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል። ያኔ ሲሠራ ቀጥ ይላል፤ ቢላውም ከቢየላው ጋር በአንድ መስመር ይሄዳል።

ማርሽ

ሞተር የለም። ቢላውን የሚያንቀሳቅሰው መሬት ላይ የሚሽከረከረው ጎማ ብቻ ስለሆነ ሂሳቡ ሁሉ የሚነሳው ከፈረሱ እርምጃ ነው። እየጎተተ የሚሄድ ፈረስ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳል፤ በሴኮንድ 1.1 ሜትር። የጎማችን ዲያሜትር 80 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሪያው 2.5 ሜትር ነው፤ በደቂቃ 26 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚህ ዝግታ የሚመላለስ ቢላ ምንም አይቆርጥም። መብዛት አለበት።

መጀመሪያ የገጠምነው 1 ለ 10 ነበር፤ 60 ጥርስ ከ12፣ ቀጥሎ 24 ከ12። ክራንኩ በደቂቃ 260 ዙር ይዞራል፤ ቢላው በሴኮንድ ዘጠኝ ምት ያህል ይመታል። በአንድ ምት ጊዜ ማሽኑ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደፊት ይሄዳል፤ የተጋለጠው ስለት ግን 53 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በየምቱ መሀል ስለት የማይነካው ሰቅ ይቀራል። እዚያ ያሉት አገዳዎች በጣቶቹ ወደፊት ተገፍተው ከጎነበሱ በኋላ በሚቀጥለው ምት ነው የሚቆረጡት። ማሳው ላይ ሲታይ የቀረው ጉቶ ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ ሆኖ ነበር፤ ሚዛኑም ከሚገባው በላይ ያሳያል።

ሁለተኛውን ጥንድ በ48 ከ12 ቀየርነው፤ 1 ለ 20። ክራንኩ ወደ 530 ዙር ወጣ፣ በአንድ ምት የሚኬደው መንገድ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ጉቶው ተስተካከለ።

ግን ጎማው መንሸራተት ጀመረ። ማባዣው ሲጨምር ጎማው ላይ የሚመጣው መቋቋም እጥፍ ይሆናል፤ ለስላሳ አፈር ላይ ጎማው ሳይዞር ይጎተታል፣ ቢላው ይቆማል፣ ስንዴው ይተኛል። ሁለት ነገር አደረግን። በጎማው ብረት ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አግዳሚ የአንግል ቁራጭ በየድን፤ የነጂውን ወንበር ደግሞ ክብደቱ በጎማው ላይ እንዲያርፍ ወደ ዘንጉ አቀረብነው። አሁን አይንሸራተትም፤ በጭቃ ብቻ ነው የሚያስቸግረው፤ በጭቃ ደግሞ ማጨድ የለብንም።

ጎማው ወደኋላ ሲሄድ ቢላውን እንዳያንቀሳቅስ ቋቱ ውስጥ ራቼት (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ጥርስ) ገብቷል። መንገድ ላይ ማርሹን የሚያላቅቅ እጀታም አለ። እጀታው ሳይላቀቅ ማንም ቢላው አጠገብ እጁን አያስገባም፤ ፈረሱ ለዝንብ ብሎ አንድ እርምጃ ቢራመድ እንኳ ቢላው ስምንት ዘጠኝ ምት ይመታል። ይህን በቀይ ቀለም ፍሬሙ ላይ ጽፈነዋል።

ቢየላ

ክራንኩን ከቢላው የሚያገናኘውን ዘንግ መጀመሪያ ከብረት ሠራነው። 38 ሚሊ ሜትር የክራንክ ክንድ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ኩሽኔታ። ጠንካራና ንጹሕ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ጣቶቹ መሀል ጠጠር ገባ። ቢላው ባለበት ቆመ፣ ጎማው ግን አልቆመም፤ የቢላው ራስ ከሥሩ ተገንጥሎ ወጣ፣ ሁለት ምላጭም ተሰበረ። ብየዳው፣ አዲሱ ራስና ቶርኖው ተደምረው ያን ጊዜ የወጣው ወጪ ከጣቶቹ ሁሉ በለጠ።

በፈረስ በሚጎተቱ የድሮ ማጨጃዎች ላይ ቢየላው ብዙ ጊዜ እንጨት ነው። ብረት ያልነበራቸው መስሎ የሚታየው ሰው አለ። እንጨቱ ድንጋጤውን ይውጣል፤ ካልቻለም ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ይሆናል። ቀጥ ያለ ጅማት ካለው ጠንካራ እንጨት 35 በ35 አድርገን ሠራነው፤ ጫፎቹን በላሜራ አጠናከርን። ከዚያ ወዲህ ጠጠር ሲገባ የተሰበረው እንጨቱ ብቻ ነው፤ ትርፍ ቢየላ ፍሬሙ ላይ ታስሮ ይሄዳል፣ በሁለት ቡሎን ይቀየራል። መንቀጥቀጡም ቀነሰ። በክራንኩ ተቃራኒ በኩል የቢላውን ክብደት ግማሽ ያህል የሚመዝን ብረት በየድን፤ ሙሉውን ብናደርገው ግራና ቀኝ ያለው ንዝረት ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራል እንጂ አይጠፋም።

የፈረሱ ትከሻ

ፈረሱ የቆመውን ስንዴ መርገጥ የለበትም። ስለዚህ እሱ በታጨደው ላይ ይሄዳል፣ ቆራጩ ከእሱ በስተቀኝ ተዘርግቶ ይጎተታል። ቤል ይህን ችግር ያለፈው ፈረሶቹን ከኋላ በማድረግ ነው፤ ግን የሚገፋ ማሽን መሪው ያስቸግራል። ከጎን መጎተት ቀላል ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው በፈረሱ ገላ ነው።

የማጨዱ መቋቋም ወደ ቀኝ ስላለ ማሽኑ አፍንጫውን ወደ ስንዴው ማዞር ይፈልጋል። ሁለቱ የጋሪ እንጨቶች ከማሽኑ ጋር አብረው ስለሚዞሩ የግራው እንጨት የፈረሱን ግራ ትከሻ ይጫናል። የመጀመሪያው ሙሉ ዙር ላይ እኔ ዓይኔ ቢላው ላይ ነበር። ፈረሱን የሚመሩት ባለቤቱ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «ልጄ፣ አቁመው! ግራ ትከሻውን እየሸሸ ነው» አሉ። «ጋሼ፣ ደክሞት አይሆንም?» ብላቸው፣ «የደከመ ፈረስ አንገቱን ይጥላል። ይኼ ግን አንገቱን ወደ ስንዴው እየሰበረ ነው፤ አመመው ማለት ነው» አሉኝ። የአንገት ማሰሪያውን ሲያነሱት ፀጉሩ በአንድ በኩል ብቻ ተሽቶ ነበር። የዚያን ቀን ሥራ እዚያው ቆመ።

ያደረግነው ለውጥ ይህ ነው። መጎተቻውን በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ በተበሳ አግዳሚ ብረት ላይ አስረን እያዛወርን፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን ነጥብ ፈለግን፤ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ላይ ተገኘ። ከዚያ በላይ ከሄደ ፈረሱ ስንዴው ውስጥ ይገባል። የቆራጩ የውጪ ጫፍ በመሬት ላይ ይንሸራተትበት የነበረውን ጫማ በትንሽ ጎማ ቀየርነው፤ ወደ ቀኝ የሚስበው መቋቋም ቀነሰ። የአንገት ማሰሪያውም ንጣፍ እንደገና ተሰፋ፤ ይህን የሠሩት ጋሼ ራሳቸው ናቸው።

ለረዥም ሰዓት ሥራ ፈረስ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ኃይል ነው ሊጎትት የሚችለው። የእኛ ፈረስ 450 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 45 ኪሎ መሆኑ ነው። ጣቶቹ ሳይከፈቱና መጎተቻው ሳይዛወር ሚዛኑ 58 ያሳይ ነበር፤ አሁን 46 ገደማ ነው። ጠርዝ ላይ ነን። በየማሳው ጫፍ እረፍት እንሰጠዋለን፤ ቢላውም በዚያው ጊዜ ይሳላል።

ሪልና መክፈያ

እዚህ ብዙ አልቆይም። አምስት ጣውላ ያለው ሪል፣ ከዋናው ጎማ በሰንሰለት ይዞራል። የጣውላው ጫፍ ከማሽኑ እርምጃ አንድ ሩብ ያህል ፈጥኖ ሲሄድ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲፈጥን ዛላውን እየመታ ፍሬ ያራግፋል፤ መድረኩ ላይ በሚገኘው ልቅ ፍሬ ይታወቃል። ቁመቱ ከዛላው ትንሽ ዝቅ ብሎ አገዳውን እንዲገፋ ተደርጓል። የሀሲ ማሽን ሪል አልነበረውም፤ የእኛንም ያለሪል ሞክረነዋል፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ስንዴው ከቢላው እየሸሸ ይተኛል። ሪሉ ይቆያል።

መክፈያው ከውጪ ጫፍ የሚወጣ ሹል ጣውላ ነው። የመጀመሪያው አጭር ሆኖ የተጠላለፈውን አገዳ አይለይም ነበር፤ አስረዘምነው፣ ላሜራ አለበስነው፣ ተፈታ።

መድረክና ጠራጊ ክንድ

ስንዴው ተቆርጦ በሪሉ ተገፍቶ መድረኩ ላይ ይወድቃል። በማኮርሚክ የመጀመሪያ ማሽን አንድ ሰው በእግሩ አብሮ እየሄደ በራክ (ጥርስ ባለው መሳቢያ) ይስበው ነበር። እኛም በዚያው ጀመርን። የሚስበው ልጅ ጠንካራ ነው፤ ግን ከሥራው ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሰውነቱን ጠምዞ፣ ወደ ጎን እየተራመደ፣ ለደቂቃም ሳያርፍ። ማሽኑ የማጨዱን ድካም ወስዶ እሱ ወገብ ላይ አኑሮታል።

በ1850ዎቹ ራሱ የሚጠርግ ክንድ ያላቸው ማሽኖች መጡ። እኛ ከሪሉ አምስት ጣውላ አንዱን ጥርስ ያለው ክንድ አደረግነው፤ ዘንጉ ላይ ባለ የታጠፈ የብረት መንገድ እየተመራ ሌሎቹ ከፍ ብለው ሲያልፉ እሱ ዝቅ ብሎ መድረኩን ይጠርጋል። መንገዱን ከ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጠን በየድን። ዝቅ የሚልበት ቁልቁለት ሲበዛ ክንዱ እየዘለለ መድረኩን ይመታል፤ ቁልቁለቱን አስረዝመን አለዘብነው። መድረኩም አራት ማዕዘን ሆኖ አልሠራም፤ የሩብ ክብ ቅርጽ ሲይዝ ነው የተጠረገው ስንዴ ከማሽኑ ጀርባ ወደ ግራ ዞሮ፣ በሚቀጥለው ዙር ፈረሱ ከሚረግጠው መስመር ውጪ የሚያርፈው።

ልጁ አሁን ነጂ ሆኗል።

ማሠር

እዚህ ስንደርስ ሥራው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲኬድ፣ ሳይቆም ከሄደ፣ በሰዓት 3,000 ካሬ ሜትር ነው። መዞሩና እረፍቱ ቢቀነስ እንኳ ከኋላ የሚያስሩት አራት ሰዎች አልደረሱበትም። ነዶ ሳይሆን የተበተነ ክምር ተኝቶ ቀረ፤ ሰዓት እየገፋ ሲደርቅ በእጅ ሲነሳ ፍሬው ይረግፋል። ማጨዱ ተፈቷል፤ ማሠሩ ግን አልተነካም። ማሽኖቹ በተሠሩበት ዘመንም የሆነው ይኸው ነው፤ ከቢላው እስከ ማሠሪያው ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል።

መሀል ላይ ያለውን ደረጃ ማርሽ የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ወንድማማቾች ይዘውታል። በ1858 ፓተንት ያወጡበት ማሽን የታጨደውን በሚንቀሳቀስ ሸራ አንስቶ በጎማው ላይ አሻግሮ ወደ ጠረጴዛ ያመጣዋል፤ ሁለት ሰው ማሽኑ ላይ ቆሞ ያስራል። ጎንበስ ቀና የለም። የእኛ ፈረስ ግን ያንን ሸራና ሁለት ሰው ጨምሮ አይችልም፤ በወረቀት ላይ አስልተን ተውነው።

በ1870ዎቹ በሽቦ የሚያስሩ ማሽኖች መጡ፤ ገበሬዎች የተቆራረጠው ሽቦ ከገለባው ጋር ከብት ሆድ ይገባል ብለው ይፈሩ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ጆን አፕልቢ በሲባጎ የሚቋጥረውን ሥራ ላይ አዋለ። የቋጠሮው ምንቃር፣ ማለትም እየዞረ ሲባጎውን የሚጠመጥመው መንጠቆ፣ መሠረት ከእሱ በፊት፣ በ1864፣ የጄኮብ ቤሄል ፓተንት ነው። ዛሬ ሣር የሚያስሩ ቤለሮች ላይ ያለው ቋጣሪ የዚያው ዘር ነው፤ እኛም ከተጣለ ቤለር አንድ ያረጀ ቋጣሪ ፈትተን ጠረጴዛ ላይ፣ በእጅ ክራንክ አቆምነው።

አሠራሩን በዝግታ እያዞርን ለማየት ብዙ ምሽት ሄዷል። የሲባጎው አንድ ጫፍ በሚይዝ ዲስክ ተይዞ ይጠብቃል። የታጠፈ መርፌ ሲባጎውን በነዶው ዙሪያ አዙሮ ያመጣና ሁለተኛውንም ጎን እዚያው ዲስክ ላይ ያስይዛል። አሁን ሁለት ጎን ሲባጎ ጎን ለጎን በምንቃሩ ላይ ተኝቷል። ምንቃሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ሲዞር ሲባጎው ራሱ ላይ ቀለበት ሆኖ ይጠመጠማል። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ምንቃሩ አፉን ይከፍትና ከዲስኩ የሚመጡትን ሁለት ጎኖች ይነክሳል። ቢላ በንክሻውና በዲስኩ መሀል ይቆርጣል። ከዚያ አንድ ክንድ ቀለበቱን ከምንቃሩ ላይ እየገፈፈ ያወጣዋል፤ የተነከሱት ጫፎች በቀለበቱ ውስጥ ተስበው ያልፋሉ። ቋጠሮ ሆነ።

ምንቃሩ ለእያንዳንዱ ነዶ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ ማረፍ ስላለበት የሚያዞረው ማርሽ በዙሪያው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው ጥርስ ያለው፤ ቀሪው ለስላሳ ነው። የምንቃሩ ማርሽ ጠፍጣፋ ጎን በዚያ ለስላሳ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ጥርሱ ሲደርስ ይዞራል። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሳይ ሰውየው አጠገቤ ቢኖር እጁን እጨብጠው ነበር።

ያረጀው ቋጣሪ መጀመሪያ አንድም አልቋጠረም። ብልሽቱን የሚነግረው የተበላሸው ሲባጎ ራሱ ነው። ቋጠሮው ምንቃሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ሲበጠስ፣ ምንቃሩን በጣት ዳሰስነው፤ ዝገት የበላው ሻካራ ቦታ አለ። በቀጭን የአሸዋ ወረቀት፣ ከዚያ በጨርቅና በማለስለሻ መስተዋት እስኪመስል አለሰለስነው። ቀጥሎ ቋጠሮው በአንዱ ጎን ብቻ ሆኖ ሌላው ሲያመልጥ፣ የዲስኩ መያዣ ሞላ ላልቷል ማለት ነው፤ ስናጠብቀው ደግሞ የቃጫው ሲባጎ ዲስኩ ላይ እየተበጣጠሰ መጣ። ግማሽ ዙር መልሰን አላላነው። የምንቃሩ አፍ ሞላም እንደዚሁ ነው፤ ሲላላ ጫፎቹን ሳይነክስ ይለቃል፣ ሲጠብቅ ቀለበቱ አይወጣም።

የሲባጎው ጥራት ከምንገምተው በላይ ይወስናል። ወፈር ቀጠን የሚል ሲባጎ ላይ የትኛውም ማስተካከያ አይሠራም። እኩል የተፈተለውን ስናመጣ ቋጣሪው ጠረጴዛው ላይ ያለማቋረጥ መቋጠር ጀመረ።

ቀጣይ

ቋጣሪውን አሁን ካለው ማሽን ላይ አንሰቅለውም። በነዶ የሚያስሩ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ፈረስ ይፈልጉ ነበር፤ የእኛ አንዱ ፈረስ 46 ላይ ነው፣ የሚጨመርበት ነገር የለም። ሁለተኛ ፈረስ ተገኝቷል፤ ጋሼ አብረው እንዲሄዱ ባዶ ጋሪ ላይ እያለማመዷቸው ነው። የሁለት ፈረስ ማመጣጠኛው እንጨት ተቆርጧል፤ ቀዳዳው ጉልበት ላለው ፈረስ አጭሩን ክንድ እንዲሰጥ ከመሀል ወደ አንድ ጎን አድልቶ ይበሳል።

ዋናው ጎማ ለአዲሱ ክብደት ጠባብ ስለሆነ ስፋቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ማንሻው ሸራ ተቆርጦ ጣውላዎቹ እየተሰፉ ነው። ቀጥሎ የሚሠራው ነዶው በቂ ሲሆን ቋጣሪውን የሚያስነሳው ክንድ ነው፤ ስንዴው እየተጠቀጠቀ ሲገፋው ሞላውን አሸንፎ ማርሹን ያገናኛል። የሞላውን ጥንካሬ የምንወስነው በእጅ የታሠረ ደህና ነዶ ምን ያህል እንደሚገፋ በሚዛን ለክተን ነው፤ ለዚህም አሥር ነዶ ከአሣሪዎቹ ለይተን አስቀምጠናል።